የተገለበጠው ማኅተም

መምህር ዕዝራ በዚያ ጠዋት መጀመሪያ ያየው ማኅተሙን ነው። እፀገነት በምትባል ተማሪው ደብተር ላይ፣ "የወላጅ ፊርማ" ከሚለው መስመር ጎን፣ ክብ ወይን ጠጅ የቀበሌ ማኅተም ተገልብጦ ተመትቷል። በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኑ የቤት ሥራ ላይ ማኅተም አይቶ ስለማያውቅ ሳቁ መጣ። ከማኅተሙ በላይ "ያረመችው ዓለምወርቅ ገብረአምላክ፣ አምስት ከአምስት" የሚል በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። የዓለምወርቅ አባት ጓድ ገብረአምላክ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ጸሐፊውን ስለማያምነው ማኅተሙን ማታ ማታ በኮቱ ኪስ ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የፒያሳ ልጆች "ሚስቱን እንኳ የሚስማት በማኅተም ነው" እያሉ ይቀልዱበታል። ዕዝራ ስኳር የሌለውን ሻዩን ፉት አለና ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ ወደ እንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮቹ ወረደ።

አምስት ናቸው። የመጀመሪያው "ዳቦ የምትሸጥልን ሴትዮ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው ያላት" ይላል፤ ራይት። ሁለተኛው ቧንቧው ስለተቆረጠበት ጎረቤት ነው፤ ራይት። ሦስተኛው ኮማ ጎድሎታል። አራተኛው "በቤታችን ኮርኒስ ላይ የሚኖረው ልጅ ወንድሜ ነው" ይላል፤ "ላይ" ለማለት የተጠቀመችበትን ቃል ሰርዞ የተሻለውን ጻፈበትና ራይት አደረገ። አምስተኛው ረጅም ነው። "ድምፁን ማንም መስማት የሌለበት ወንድሜ ሲያስለው እናቴ የስፌት መኪናዋን ትመታለች።" ሁዝ የምትባለዋ የእንግሊዝኛ አያያዥ ቃል ቦታዋን ሳትስት ቁጭ ብላለች። ለዚያች ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉሮሮው እስኪደርቅ ለፍቶባታል፤ ሰማንያ ሦስት ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ሰው እንኳ በትክክል ሲጽፋት ማየት ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። ደስ ብሎት "ቬሪ ጉድ" ብሎ ጻፈ። የጻፈው ቀለም ሳይደርቅ ነው ያነበበው ነገር የገባው።

"ምነው?" አለችው እህቱ ዘርፌ፣ ከጓዳው በር ላይ ቆማ።

"ምንም፣ እታለም።"

ዘርፌ ሌላ አልጠየቀችም። ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል በምትገኘው ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ወንድምና እህት የሚነጋገሩት ስለ ዋጋ ብቻ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። "ላምባ ጠፍቷል" ትለዋለች፤ "ሽንኩርት ጨምሯል" ትለዋለች፤ ከዚያ ዝም። ፈቀደ የሚባለው አንድያ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ የተጠራ ጊዜ "ሕግ ሕግ ነው፤ ተደብቆ ከመያዝ ራስህ ሄደህ ብትመዘገብ ይሻልሃል" ብሎ የመከረው ዕዝራ ነው። አብሮት እስከ ቀበሌው በር ሄዶ፣ ለመንገዱ ብስኩት ገዝቶ ሸኝቶታል። ከልጁ ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ አራተኛው አልመጣም። ዘርፌ አንድ ቀን እንኳ "አንተ ነህ" አላለችውም፤ የልጁን አልጋ ግን በየሳምንቱ አንሶላ እየቀየረች ታነጥፈዋለች። ዕዝራ ያን የተነጠፈ አልጋ አየት አደረገና የእፀገነትን ደብተር ከሌሎቹ ለይቶ በደረቱ ኪስ ውስጥ ሸጎጠው።

እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት ሲወጣ ራሱን ሲረግም ነበር። ያን ደብተር ለዓለምወርቅ የሰጣት ማን ሆነና! ዕዝራ የሚኮራበት የራሱ ዘዴ አለው። አጀክቲቭ ክሎዝ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሰው የሚማረው በውሸት ምሳሌ አይደለም ብሎ ያምናል፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ለንደን የሚኖር አጎት ለአራዳ ልጅ ምኑም ስላልሆነ "የምታውቁትን ሰው ጻፉ፤ እውነት ጻፉ" ይላቸዋል። ሰማንያ ሦስት ደብተር በአንድ ሌሊት ስለማይታረም ተማሪዎቹ ደብተር ይለዋወጡና የጓደኛቸውን ወደ ቤት ወስደው ያርማሉ። ያረሙትንም በአማርኛ እየተረጎሙ ለወላጆቻቸው ያነባሉ፤ ወላጅም መስማቱን ይፈርማል። ደብተሮቹን በማግስቱ ማለዳ በዕዝራ ቤት በኩል እያለፉ ያስረክቡታል። ዳይሬክተሩ በመምህራን ስብሰባ ላይ ይህን ዘዴ አንሥቶ አመስግኖታል። እፀገነት ሁልጊዜ የምትለዋወጠው አብራት ከምትቀመጠው ከብርኽቲ ጋር ነበር። ትናንት ብርኽቲ አልመጣችም፤ ዕዝራ የተረፈውን ደብተር አንሥቶ "እንቺ፣ ይሄን አንቺ እረሚ" ብሎ ለዓለምወርቅ ሰጣት። ትዝ ይለዋል፤ ሲሰጣት ሰዓቱን እያየ ነበር።

ፒያሳ ጎረምሳ ያጣችበት ሰሞን ነው። አዲስ ዙር ምልመላ ከተጀመረ ወዲህ በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ተደግፈው ሴት የሚለክፉት ልጆች የሉም፤ ከወርቅ ቤቶቹ መስኮት ፊት የሚያልፉት ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ኬክ ቤቱ ውስጥ ኬክ የለም፤ ሰው ግን በልማድ ባንኮኒው ጋ ተሰልፏል። ከዕዝራ ጎን የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ትናንት በአምስት ኪሎ አውቶቡስ ውስጥ ስለተለቀሙ ልጆች ያወራሉ፤ ድምፃቸው ስለ ጎመን የሚያወሩ ይመስል የተለመደ ነው። ዕዝራ ደረቱን በእጁ እየነካ አለፋቸው። ጓድ ገብረአምላክ ያን ዓረፍተ ነገር ትናንት ማታ በገዛ ልጁ አፍ፣ በጥሩ አማርኛ ሰምቶ ማኅተሙን አሳርፎበታል። ከዚህ ወዲያ የሚጠበቀው ሊቀመንበሩ ጠዋት ጠዋት ከሚመራው የቀበሌ ስብሰባ መውጣቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የአሥረኛ ሐ ነው። ዕዝራ ጠመኔ ይዞ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈ። በአማርኛ አንዲት "የ" ብቻዋን የምትሸከመውን ሥራ እንግሊዞች ለሁ፣ ለሁም፣ ለሁዝ፣ ለዊች አካፍለው እንደሰጡ በየዓመቱ የሚናገረውን ቀልድ ተናገረ፤ ተማሪዎቹም በየዓመቱ እንደሚሳቀው ሳቁ። ዓለምወርቅ ፊት ወንበር ላይ ናት። ዓይኑ ሲያርፍባት አንገቷን ደፋች። "አባትሽ ምን አለ?" ብሎ ሊጠይቃት ከንፈሩ ድረስ መጣ። ግን ከጠየቃት ነገሩ ከባድ መሆኑን መንገር ይሆንበታል፤ ምናልባት ጓድ ገብረአምላክ ለነገ ሊያቆየው አስቦ ከሆነ ደግሞ ልጅቷ ሮጣ ትነግረዋለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና አያት፤ እንደገና አንገቷን ደፋች። ለዕዝራ ይኸ በቂ ማስረጃ ሆነለት። ደወል ሲደወል "እፀገነት፣ ደብተሮቹን ወደ መምህራን ክፍል አድርሺልኝ" አለ።

በደረጃው መታጠፊያ ላይ ሰው አለመኖሩን አይቶ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

"ይህን ምን ብለሽ ጻፍሽው?"

"እውነት ጻፉ ብለውን የለ፣ ቲቸር።" ልጅቷ ስታየው የሚያመሰግናት መስሏት ነበር። "እኛ ቤት ሌላ ምንም የለም። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ... ብርኽቲ ታውቃለች፤ ሌላ የሚያነበው እርስዎ ብቻ ነዎት ብዬ ነው።"

ማኅተሙን አሳያት። እፀገነት አላለቀሰችም፤ የተሸከመችውን የደብተር ክምር ቀስ ብላ ደረጃው ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን የሰባት ዓመት ልጅ ትመስል ነበር። ዕዝራ "እኔ አለሁ" አላት። ቤቱ ሁለት ክፍል እንደሆነ፣ ጎረቤቶቹ ራሱንና እህቱን ብቻ እንደሚያውቁ፣ አንድ አልጋም ተነጥፎ እንደሚያድር ነገራት። እሷ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ፤ ሁለት ሰው ከትምህርት ቤት ከጠፋ ያጠያይቃል። እፀገነት ከደብተሯ ጀርባ ቁራጭ ወረቀት ቀድዳ "እማዬ፣ ቲቸርን እመኚው" ብላ ጻፈችለት። ዕዝራ ለዳይሬክተሩ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ ብሎ ነገረና ወጣ።

የእፀገነት ቤት ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። በሩን ሳያንኳኳ በፊት የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማው፤ ሲያንኳኳ ቆመ። ወይዘሮ የሺዓለም ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበችና ወንበር ሰጠችው። ክፍሏ አንድ ናት፤ አንድ አልጋ፣ በመጋረጃ የተከለለ ማብሰያ፣ በመስኮቱ ሥር ሲንጀር ስፌት መኪናዋ፣ ሲንጀሯ ላይ ያልተጠናቀቀ የተማሪ ዩኒፎርም። የኮርኒሱ ጣውላ ጭስ አጥቁሮታል፤ ከጥጉ በኩል አንዷ ጣውላ ብቻ ጠርዟ በእጅ ብዛት ነጥቷል። ዕዝራ ወደዚያ ላለማየት እየታገለ የመጣበትን ነገር በአጭሩ ተናገረ።

ሴትዮዋ የዩኒፎርሙን እጅጌ አጥፋ ዘረጋች። "አራት ወር ሙሉ ጎረቤቶቼ 'የሺዓለም ሥራ በዛባት' ነው የሚሉኝ" አለች። "ለማን እንደምሰፋ ማን ይጠይቃል? ባዶ ጨርቅ ላይ እንኳ ሰፍቻለሁ።" ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "ግን መምህር፣ ሊቀመንበሩ ትናንት ማታ ካወቀ፣ እስካሁን ለምን ዝም አለ?"

"ጠዋት ስብሰባ አለባቸው። ሲወጡ ነው የሚመጡት።"

"ሲመሽ ቢሄድስ?"

"እስኪመሽ አይጠብቁንም፣ እመቤቴ። ቀን ከሰው ጋር ተቀላቅሎ መሄድ ይሻላል። እኔ አብሬው አለሁ።"

ዕዝራ ይህን ሲናገር ድምፁ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር እንደሚወጣው ጥርት ያለ ነበር። የሺዓለምም ያመነችው ያን ድምፅ ሳይሆን አይቀርም፤ መምህር ነው፣ የተማረ ነው፣ ወረቀት ይዞ ነው የመጣው። ተነሥታ በመጥረጊያ እንጨት ጣውላዋን ሁለት ጊዜ መታች።

እሸቴ እግሩን አስቀድሞ ወረደ። ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ረጅም ልጅ ነው፤ ጣሳ ተደፍቶበት እንደቆየ ሣር ገርጥቷል። መሬት ሲረግጥ የሲንጀሯን ጠርዝ ያዘ። የሚሉትን ከላይ ሆኖ ሰምቷል። እናቱ ፀጉሩን አበጠረችው፤ የሟች አባቱን ኮት አለበሰችው፤ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ዳር ዳሩ ሰማያዊ በሆነ ጨርቅ ቋጠረች። ልትስመው ጎንበስ ስትል ትልቅ ሰው ሆኖባት ይሁን እንግዳውን አፍራ፣ የኮቱን ኮሌታ አስተካክላ ተወችው። ቋጠሮውን የሰጠችው ለዕዝራ ነበር። ከበሩ ሲወጡ ስፌት መኪናው ከኋላቸው ጀመረ።

ፒያሳ ፀሐይ ወጥታለች። እሸቴ ዓይኑን መክፈት አቃተው፤ እንባው እየወረደ፣ ግንቡን በእጁ እየነካ ይራመዳል። ዕዝራ "ተፈጥሯዊ ሁን" ሊለው ፈለገና ራሱም ተፈጥሯዊ አለመሆኑን አየ፤ የራሱ እርምጃ እንደ ሰልፍ ነው። ኬክ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ልጁ ቆመ።

"ጋሼ፣ ማኪያቶ ስንት ገባ?"

"ስልሳ ሳንቲም።"

"እኔ ስገባ ሃምሳ ነበር" አለ እሸቴ፣ ከእስር ቤት እንደወጣ ሰው። "አሥር ሳንቲም በአራት ወር!"

"ቤት ስንደርስ ሻይ አለ። ስኳር ግን የለም።"

ልጁ ሳቀ። ዕዝራም ሳቀ፤ ለሁለት ዓመት ያልሳቀው ዓይነት ሳቅ ነበር። የፈቀደን አልጋ፣ የዘርፌን ፊት አሰበ። ምን ትለው ይሆን? ምናልባት ምንም ሳትል አንድ ብርጭቆ ትጨምር ይሆናል፤ ምናልባት ማታ ላይ ከዋጋ ሌላ አንድ ነገር ትናገረው ይሆናል። ይህን እያሰበ ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ ቀለለው። ይህን ልጅ ያድነዋል፤ ስለዚህ ነገር በልቡ ውስጥ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም።

ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርሱ ውይይት የሚባሉት ታክሲዎች በሚቆሙበት ጋ ሁለት አብዮት ጥበቃዎችና አንድ ወታደር ቆመዋል። ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ከዛፉ ሥር አለ። ዕዝራ ሲያያቸው ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀርቶታል። ቢመለሱ ያስጠረጥራል፤ ቢሻገሩም ያስጠረጥራል፤ "ወሬ አውራኝ" አለው። እሸቴ ስለ ኳስ ጀመረ። ሊያልፏቸው ሁለት እርምጃ ሲቀር ፀሐይዋ ፊት ለፊት መታችውና ልጁ ክንዱን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ቆመ።

"አንተ፣ ታመሃል እንዴ?" አለ አንደኛው ጥበቃ፣ በደግነት ማለት ይቻላል። ቀረብ ብሎ ፊቱን ሲያይ ደግነቱ ጠፋ። "መታወቂያ።"

"ተማሪዬ ነው" አለ ዕዝራ የራሱን መታወቂያ እያወጣ። "መምህር ነኝ። ካርዱን ቤት ረስቶት ነው።"

"ስንተኛ ክፍል ነው?"

"አሥራ ሁለተኛ" አለ ዕዝራ። "አሥራ አንደኛ" አለ እሸቴ፤ እኩል ነበር የተናገሩት።

ጥበቃው ሳቀ። "መምህር፣ ተመካክረው አይመጡም ነበር?" ወታደሩም ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ሥራ የቀለለለት ሰው ሳቅ ነው። እሸቴን በክንዱ ይዘው ወደ መኪናው ወሰዱት። ዕዝራ ተከተለ፤ ታማሚ ነው፣ ያስለዋል፣ ሐኪም ቤት እየወሰድኩት ነበር፣ እያለ እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ሁሉ ተናገረ። ማንም አልሰማውም። ልጁ በመጀመሪያው ሙከራ መውጣት አቅቶት በሁለተኛው ገፍተው አስገቡት። ከሸራው ሥር ፊቱን አወጣ።

"ጋሼ፣ እማዬን ስፌቱን ድንገት እንዳታቆም ይበሏት። ጎረቤት ይጠረጥራል።"

መኪናው ተነሣ። ዕዝራ ቋጠሮው እጁ ላይ እንዳለ ያየው መኪናው ቁልቁል ከታጠፈ በኋላ ነው። ቤቱ ከዚያ ሦስት መቶ እርምጃ አይርቅም። ወደ ዘርፌ መሄድ አቃተው፤ ወደ የሺዓለምም መሄድ አቃተው። ከሰዓት በኋላ ክፍል ስላለበት፣ ሌላ የሚሄድበት ቦታ የሌለው ሰው ሆኖ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰ።

ዓለምወርቅ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ዓይኗ አብጧል።

"ቲቸር፣ ጠዋት ሲያዩኝ እንዳወቁብኝ ገባኝ። ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ።"

"ምኑን?"

"ማኅተሙን እኔ ነኝ የመታሁት። አባቴ አምሽቶ መጥቶ ተኝቶ ነበር። ኮቱ በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ መብራት ሳላበራ ስለመታሁት ተገለበጠብኝ።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "አላነበብኩለትም።"

ዕዝራ ግድግዳውን ተደገፈ። "እንቅልፍ ይዞት ስለነበር ነው?"

"ባይተኛም አላነብለትም ነበር።" ልጅቷ ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "አራተኛውንና አምስተኛውን አንብበዋቸዋል አይደል፣ ቲቸር? እኛ ቤት የሚነበብ አይደለም። ፊርማ ከሌለው ደግሞ እርስዎ ክፍል ፊት አቁመው ያስነብቡኛል ብዬ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷም እንዳወቅኩ አልነገርኳትም፤ እንዳትሳቀቅ።"

 ይህች ልጅ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣለት ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃው ነበር። ጓድ ገብረአምላክ በዚህ ሰዓት ምንም ሳያውቅ ቢሮው ተቀምጦ ይሆናል፤ የሺዓለም ሲንጀሯን እየመታች ይሆናል፤ እሸቴም ጣውላው ላይ ተጋድሞ ኮርኒሱ ሥር ያለውን የእናቱን እግር ድምፅ እየሰማ ሊሆን ይችል ነበር። "ጥሩ አድርገሻል" አላት፤ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። "ሂጂ። ለማንም አልናገርም።" ዓለምወርቅ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው፤ ቀለል ብሏት በሩጫ ሄደች።

እሷ በታጠፈችበት በኩል እፀገነት ብቅ አለች። ከጠዋት ጀምሮ ያን ኮሪደር ስትመላለስበት እንደዋለች ከጫማዋ አቧራ ያስታውቃል። አጠገቡ መጥታ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

"ደረሰ፣ ቲቸር?"

ሰማንያ ሦስት ልጆች ፊት ቆሞ "እውነት ጻፉ" እያለ የኖረ ሰው ነው። ፊቷን አየ፤ አፏን በእጇ ይዛ መልሱን የምትጠብቅ ልጅ ናት።

"ደርሷል" አላት።

እፀገነት ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ሳቀች፤ ጥርሷን በዚያ ዓመት ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ደወል ሲደወል ሮጬ ለእማዬ እነግራታለሁ" አለች፤ "ተኝቷል? እህትዎ ምን አሉ?" ስትል ዓይኗ ወደ ታች ወረደና ዕዝራ በብብቱ ሥር የያዘው ቋጠሮ ላይ አረፈ። ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው። እናቷ የቋጠረችው ቋጠሮ እንዳለ ነው፤ አልተፈታም። ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚያስቀው ነገር ከሄደ በኋላ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

"ዳቦውንስ አልበላም?" አለችው።

ደወሉ ተደወለ።